ለልጄ አንደበት የተሳልኩት ስጋጃ

ትንሹ ልጄ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሞልቶት አንዲት ቃል አልተናገረም ነበር። ይሰማል፣ ይስቃል፣ ሲናደድ እህቱን ይነክሳል፤ ቃል ግን የለም። አገራችን የመንዟ ሞላሌ ደግሞ ምክር የማይታጣባት ናት። አንዷ ጎረቤት ምላሱ ሥር ማር አድርጊለት አለችኝ። ሌላዋ ማሩን ተይና ጨው አድርጊለት አለች። ልጁ ሁለቱንም ቀመሰ፤ ማሩን ወደደው፤ አልተናገረም። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ጆሮውን አይቶ ደህና ነው፣ ታገሺ አለኝ። ታገሥኩ። ትዕግሥቴ ሲያልቅ ለቁልቢ ገብርኤል ተሳልኩ።

የዚህን ልጅ አንደበት ፍታልኝ፣ እኔ ራሴ ይዤው መጥቼ ለደጅህ ስጋጃ አገባለሁ አልኩ። ከዚያ በላይ አልተናገርኩም። እኔ ጸሎት ላይም ቃል አላበዛም። የንስሐ አባቴ ይህን ትሕትና ይሉታል። ባለቤቴ ስንፍና ይለዋል።

በአራተኛው ወር ልጁ ተናገረ። የመጀመሪያ ቃሉ «እማዬ» አልነበረም፤ «አልፈልግም» ነበር። መሬት ስሜ አለቀስኩ። በማግስቱ «ለምን?» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዝም ብሎ አያውቅም። አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ሲያጠራቅም የኖረውን ሁሉ በአንድ ክረምት ሊጨርሰው የተነሳ ይመስል ነበር። መልአኩን ስለምነው ልኩን መናገር ነበረብኝ ብዬ ያሰብኩበት ቀን አለ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ አንድ ቀን ብቻ አይደለም።

ስጋጃውን ያሠሩት አማቴ ናቸው። የበጎቹን ጸጉር ራሳቸው መረጡ፣ ራሳቸው ፈተሉ፣ ሸማኔው ቤት ደግሞ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ አጠገቡ ተቀምጠው ዋሉ። ሸማኔው ሥራው ባለቀ ጊዜ ከእኔ በላይ መልአኩን አመስግኗል። ነጭና ጥቁር ብቻ ነበር፤ ቀለም አልገባበትም፣ በጉ እንደ ተፈጠረ ነው። አማቴ በነጭ አቡጀዴ ጠቅልለው ዙሪያውን ሰፉትና መደቡ ጫፍ ላይ አስቀመጡት።

«ከእንግዲህ የማንም አይደለም» አሉኝ። «እግርም ጎንም አይነካውም። እንዲህ እንዳለ ታስረክቢያለሽ።»

እሳቸው ራሳቸው አንድ ወር ሙሉ መደቡን እየዞሩ ነው ያለፉት። አንድ ቀን ድመቷ ጥቅሉ ላይ ተኝታ ተገኘች። ያቺ ድመት ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጅ አዳሪ ሆነች። አይጦቹ በስለቱ በጣም ተጠቀሙ።

ባለቤቴ ታኅሣሥ ውቂያ ላይ ስለነበር መምጣት አልቻለም። በምክሩ ግን አብሮን ሄዷል። በወጣትነቱ ድሬዳዋ ስድስት ወር ኖሮ ነበርና ስለ ቆላ የማያውቀው የለም። እዚያ አገር ሰው ደጅ ነው የሚተኛው፣ ባና ይዛችሁ ብትወርዱ መሣቂያ ትሆናላችሁ አለ። የእኛ ባና ከበግ ጸጉር የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው፤ መንዜ ወንዝ ለመሻገርም ሆነ ለቅሶ ለመድረስ ያለ ባና አይወጣም። እኔ ግን ባሌን ሰምቼ ሦስት ልጆች፣ አንድ አቁማዳ በሶና ቆሎ፣ አንድ ስጋጃ ይዤ፣ ባናዎቹን ሁሉ አጣጥፌ ቤት ትቼ ወጣሁ። በዘሬ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም።

እስከ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ሄድን። አንድ ሌሊት ዘመድ ቤት አደርን። በማግስቱ ማታ ለታኅሣሥ ገብርኤል በዓል ወደ ድሬዳዋ በሚሄደው ባቡር ተሳፈርን።

ባቡሩ አልጋ አለው ስላቸው ልጆቹ አላመኑኝም ነበር። መካከለኛው ስድስት ዓመቱ ነው፤ ብዙ ካሰበ በኋላ ስንተኛ ባቡሩም ይተኛል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይተኛም አልኩት። እንግዲያ ማን ይጠብቀዋል አለ። ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ናት፤ ያን ዓመት ጾም የጀመረች ናትና ከጳጳስ ትከብዳለች። ገና ሳንቀመጥ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ምን እንደሚበላ ታይ ጀመር።

ክፍሉ ስድስት አልጋ ነበረው፣ በዚህ ሦስት በዚያ ሦስት፣ አንዱ ባንዱ ላይ። የእኛ ታችኛውና መካከለኛው ነበሩ። ከላይ ያሉት ሁለት አልጋዎች ላይ ተማሪዎች ነበሩ፤ ባቡሩ ሳይነሳ ተኙ፤ ስለ እነሱ ሌላ የማውቀው የለም። ከእኔ ትይዩ የአዲስ አበባ አሮጊት እናት ነበሩ። ቁልቢ ሲሄዱ አሥራ አንደኛቸው መሆኑን እግዚአብሔር ይመስገን ከማለታቸው በፊት ነገሩን። ከእሳቸው በላይ ያለው አልጋ የሸዋ ሮቢት ነጋዴ ነበር፤ ሙስሊም ነው፤ ዕቃ ሊያመጣ ነው የሚሄደው። ከሞላሌ ነው የመጣነው ስለው ዘመድ ያገኘ ያህል ደስ አለው። አያቱ ጨው ጭነው የእኛ ገበያ ድረስ ይወጡ እንደ ነበርና ስለ ብርዳችን እስኪሞቱ ያወሩ እንደ ነበር ነገረን።

ጥቅሌን ራስጌዬ ሳስቀምጥ እትዬዋ አዩት። ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ነገርኳቸው። ወዲያው ሕጉን ዘረዘሩልኝ። ስለት ከመድረሱ በፊት ከተነካ የተበላ እህል ነው አሉ። አንዲት የሚያውቋት ሴት ለመልአኩ ጥላ ተስላ፣ መንገድ ላይ ዝናብ ቢይዛት ዘርግታው ነበር። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የቤቷ ጣራ ያፈስሳል። ሦስት ጊዜ ቆርቆሮ ብትቀይርም አልቆመም። እኔ ዝም አልኩ። ትንሹ ግን ዝም አላለም።

«ለምንድነው ጥርስ የሌለሽ?» አላቸው።

ባቡሩ የተነሳው በዚህ መካከል ነው። ይቅርታ ጠየቅሁ። ልጁ ለዚሁ አንደበቱ የተሳልኩለት መሆኑንም ነገርኳቸው፤ እሳቸው ዕልል ብለው ሳሙት። ዕልልታቸው ግን አንድ ሰዓት ብቻ ነው የቆየው። ልጁ ባቡሩ ለምን እንደሚጮህ፣ ጨለማው ከመስኮቱ ውጪ ምን እንደሚሠራ፣ ነጋዴው ለምን ጫማውን አጠገቡ አስቀምጦ እንደተኛ፣ ሌባው እኛ መሆን አለመሆናችንን ጠየቀ። መካከለኛው መሰላሉን እየወጣ ይወርዳል። ትልቋ የነጋዴውን ብስኩት አንስታ ወተት እንዳለበትና እንደሌለበት ካርቶኑ ላይ ታነባለች።

እትዬዋ በመጨረሻ፣ «ልጄ፣ ቅዱስ ገብርኤል እኮ ዘካርያስን ዲዳ ያደረገውም እሱ ነው» አሉ። «ይፈታል፤ ይዘጋልም። ለጊዜው እንዲዘጋልን ብንለምነው?»

ነጋዴው ከላይ ሆኖ፣ «እኛም ጋ አለ» አለ። «ዘከሪያ ሦስት ሌሊት ዝም ብሏል። እኛ የምንፈልገው አንዷን ብቻ ነው።»

አሜን ያለችው ትልቋ ልጄ ናት።

ሰው ስለ በዛ ባቡሩ ሞቆ ነበርና ማቀዝቀዣው ተከፈተ። መጀመሪያ ሁሉም ተመስገን አለ። አዳማን ካለፍን በኋላ ምስጋናው እየቀነሰ ሄደ። እኩለ ሌሊት ሲሆን የሚያመሰግን አልነበረም።

ብርድ እናውቃለን ብለን የምንኮራ ሰዎች ነን። ጠዋት ውርጩ ገብሱ ክምር ላይ እንደ ጨው ነጭቶ ሲያድር ደህና አደርክ እንለዋለን። የእኛ ብርድ ግን የደጅ ብርድ ነው፤ በር ዘግተህበት ትገባለህ። ይህኛው ከጣራው ውስጥ ነው የሚወጣው። አልጋው ላይ የነበረችውን ስስ ልብስና የእኔን ነጠላ ደራረብኩባቸው። መካከለኛው ተጠቅልሎ እንደ ዶቅማ ፍሬ ጠቆረ። ትልቋ አልበረደኝም ትላለች፤ ጥርሷ ግን ይንገጫገጫል። ትንሹ ወሬውን ቀንሶ ማሳል ጀመረ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ያን ልጅ አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ዝም ብሎ አይቼዋለሁ፤ ዝምታውን አውቀዋለሁ።

ተነሥቼ ሰው ፈለግሁ፤ የባቡሩን ሠራተኛ አላገኘሁትም። ስመለስ ነጋዴው ኮቱን አውልቆ ልጆቹ ላይ ጥሎት ነበር። ለሦስት አልበቃም። እሱም ራሱ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ተቀምጧል።

ጥቅሉን አየሁት። እትዬዋም ሳየው አዩኝ።

«ጣራዋ አሁንም ያፈስሳል» አሉ።

ነጋዴው ጎንበስ ብሎ ልጆቹን አየ። ከዚያ፣ «እህቴ፣ የእናንተን ሕግ አላውቅም» አለ። «ግን መልአኩ ይህን ልጅ አንደበቱን የሰጠው እዚህ እንዲያስልበት አይመስለኝም።»

ተቀምጬ ጸለይኩ። በዓሉ የሠለስቱ ደቂቅ ነው፤ መልአኩ ከእሳት ያወጣቸው የሦስቱ ልጆች። ለእነዚያ ሦስት እሳቱን ያበረድክ፣ ለእነዚህ ሦስት ብርዱን ባሞቅ አትቀየመኝ አልኩት። መልስ አልመጣም። እኔም ዝምታን የማውቅ ሰው ነኝና እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። የአማቴን ስፌት በጥርሴ በጠስኩ። ስፌታቸው ቀላል አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ምራት እንዳለቻቸው ቀድሞ የታወቃቸው ይመስላል።

ሦስቱንም ታችኛው አልጋ ላይ ደርድሬ ስጋጃውን አለበስኳቸው። ትልቋ፣ ስለት ነው አልለብስም ብላ ጥቂት ተከራከረች፤ ክርክሯን ሳትጨርስ እንቅልፍ ወሰዳት። ክፍሉን የበግ ሽታ ሞላው። ነጋዴው፣ ሞላሌ ገበያ የገባሁ መሰለኝ አለ። ትንሹ አፍንጫውን ስጋጃው ውስጥ ቀብሮ «እማማን ይሸታል» አለ፤ አያቱን ማለቱ ነው። ከዚያ ዝም አለ። ሳሉም ቆመ። እኔ ከራስጌያቸው ተቀመጥኩ። እትዬዋ ዳዊት ለመድገም በዚህ በኩል መብራቱ ይሻለኛል ብለው ከእግርጌያቸው መጥተው ተቀመጡ። መብራቱ ያለው በእሳቸው በኩል ነበር።

ጠዋት ስነቃ መስኮቱ ውስጥ ቀይ ምድርና ግራር ይሮጣል። ማቀዝቀዣውን ማን እንዳጠፋው አላውቅም፤ ሞቆናል። እትዬዋ ዳዊታቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ተኝተዋል፤ እግሮቻቸው እስከ ጉልበታቸው ድረስ ስጋጃው ውስጥ ናቸው። ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ቁልቢ የሚወርዱት እግሮች። ደስ አለኝ። ቀስ ብዬ እጄን ከሥር አስገባሁ።

እርጥብ ነበር።

የሦስት ልጆች እናት ስለሆንኩ ውሃ ነው ብዬ አልተጠራጠርኩም። የማን እንደሆነም አልጠየቅሁም። በዚያው ቅጽበት እትዬዋ ነቁ። እግራቸውን ሳቡ። ካልሲያቸውን አዩ። እኔን አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ሁለታችንም እንደ ዘካርያስ ሆንን። ካልሲያቸውን አውልቀው በፌስታል ቋጠሩና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ዳዊታቸውን ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ስለት ሕግ አልተነጋገርንም።

ድሬዳዋ ስንወርድ ፀሐዩ ገና ጠዋት ያቃጥል ነበር። ነጋዴው የሚያውቀው ሱቅ ደጃፍ ድረስ ወስዶን በርሜል ውሃ ለመነልኝ። ልጆቹን ሳመ፤ ትንሹን፣ ለእኔም አንዲት ቃል ለምንልኝ ብሎት ሄደ። እኔ የረጠበውን ጫፍ በውሃ እያፈሰስኩ አሸሁት። የበግ ጸጉር ውሃ ሲነካው ምን እንደሚሆን አገሬ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ፤ ግን አጠብኩት። በፀሐይ ሰጣሁት። እየደረቀ ሲሄድ ሽታው እየጠነከረ መጣ፤ የበጉም፣ የሌላውም። ዝንብ የሚባል ሁሉ ለበዓሉ መጣ።

ባለቤቴ ደወለ። ሞቃችሁ ወይ አለኝ። ሞቀን አልኩት። አልነገርኩሽም አለኝ።

አቡጀዴውን መልሼ ጠቅልዬ በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩት። እንግዲህ የነበረብኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወይ መናገር ወይ ዝም ብሎ ማስረከብ። ተራራውን በመኪና ስንወጣ ይህን ነው ያሰብኩት። ሰው ሁሉ ቁጥብነቴን ያመሰግናል። ዝምታ ወርቅ ነው እየተባልኩ አድጌያለሁ። ያን ቀን ግን ወርቄን ሳየው ፍርሃት ነበር። ብናገር ስለቴ ተመልሶ አማቴ ፊት እቆማለሁ። ዝም ብል ልጄን የፈወሰልኝን መልአክ የተሸናበት ምንጣፍ አልብሼው እመለሳለሁ። ቁልቢ ስንደርስ ዝም ለማለት ወስኜ ነበር። እውነቱን ለመጻፍ ስለ ተነሣሁ እጽፈዋለሁ።

ስለት የሚቀበሉት ካህን ጠረጴዛ ፊት ሰልፉ ረጅም ነበር። ጥላ የያዘ፣ ጧፍ የያዘ፣ መጋረጃ የያዘ። ከፊታችን ያሉት ሰዎች አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ዞረው አሸተቱን። ተራችን ደረሰ። ካህኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀና ሳይሉ ምን እንደሆነ ጠየቁ። የመንዝ ስጋጃ ነው፣ ለዚህ ልጅ አንደበት የተሳልኩት ነው አልኩ። ያን ጊዜ ቀና ብለው ልጁን አዩት።

«አንተ ነህ? እስቲ ተናገር።»

ልጄ ደረቱን ነፋ። በሕይወቱ ተናገር ያለው ሰው እስከዚያ ቀን አላጋጠመውም።

«እኔ ሸናሁበት» አለ።

ድምፁ ከቅዳሴው ድምፅ በላይ የሚሰማ ነበር። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ጸጥ አለ። ትልቋ ልጄ ነገሩ በትክክል እንዲታወቅ ፈልጋ፣ በሳሙና እንዳልታጠበ ጨመረች። መካከለኛው፣ የአንድ እናት ካልሲም ነበረበት አለ።

ካህኑ ልጁን አልተቆጡም። እኔን ነው ያዩኝ።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው አባቴ» አልኩ። «በባቡሩ በርዷቸው ነው ያለበስኳቸው። ልነግርዎ አላሰብኩም ነበር።»

በዚያ ጉዞ ከተናገርኩት ሁሉ ረጅሙ ይህ ነው።

ካህኑ ጺማቸውን ያዙ። ትከሻቸው መንቀጥቀጡን አይቼ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። «የልጁ አንደበት ተፈቷል» አሉ በመጨረሻ። «ይህንን ማንም አይክድም። የእናቱ ቀርቶ ነበር፤ እሱም ተፈታ።» ከዚያ እንዲህ እንዳለ መቅደስ አይገባም አሉ። ጥቅሉን መልሼ ላነሳ ጎንበስ አልኩ። እሳቸው ግን በጣታቸው ከግቢው ዳር ያለውን ዳስ አሳዩኝ። እናቶች ሕፃናት ይዘው የሚያድሩበት ነው፤ ልጆቹ መሬት ላይ ነው የተኙት አሉኝ።

«እዚያ አንጥፊው። እሱም የመልአኩ ደጅ ነው። እዚያ ማንም ቢሸናበት አዲስ አይሆንበትም።»

አነጠፍኩት። ከመነጠፉ የማላውቃቸው እናቶች ልጆቻቸውን አምጥተው አስተኙበት፤ ስለ ሽታው ያነሣ አልነበረም፤ ሁሉም የራሱን አምጥቷል። አመሻሽ ላይ እትዬዋ ጧፋቸውን ሰጥተው ሲመለሱ አገኙን። ጫፉ ላይ ሊቀመጡ ዝቅ ብለው ቆሙ።

«ደርቋል?» አሉኝ በጆሮዬ።

ደርቋል አልኳቸው። ተቀመጡ።

ያን ማታ አማቴ በባለቤቴ ስልክ ደወሉ። ደኅንነታችንን አልጠየቁም፤ እሱን ባለቤቴ ነግሯቸዋል። ስጋጃው የት ነው የተነጠፈው፣ ከመጋረጃው በፊት ነው ወይስ ወደ ሴቶች መቆሚያ በኩል ነው አሉ። አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁት። ከዚያ ስልኩን ለትንሹ ልጄ ሰጠሁት። ይህንን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ተስዬ ያገኘሁትም ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ሁሉንም ነገራቸው። ከባቡሩ ጩኸት ጀምሮ፣ ብርዱን፣ ስፌቱን በጥርሴ መበጠሴን፣ ካልሲውን፣ ካህኑን። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ስልኩ ተመለሰልኝ።

«ስንት ልጅ ተኝቶበታል?» አሉ አማቴ።

ቆጠርኩ። «አሥራ አንድ» አልኳቸው። «የሁለቱ እግር መሬት ላይ ነው።»

«እንግዲያ ጠቧል» አሉ። «ጸጉሩን አብዝቼ መውሰድ ነበረብኝ።»

  ተመስገን አልኩና ልጆቹ ጎን ተኛሁ።

ከሳምንት በኋላ ሞላሌ ቤታችን ስንገባ አማቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው አዲስ ጸጉር ይለቅሙ ነበር። ድመቷ የተለቀመው ክምር ላይ ተኝታለች።